«እጅ ሰጠ» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

ስልኬ ምግብ እምቢ ካለች ሦስት ቀኗ ነበር። የቻርጁን ገመድ ሰክቼ በግራ ጎኗ ሳስተኛት ትበላለች፤ ትንሽ ዞር ካለች ትተወዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ራዲዮ ሆድ ስከፍት የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኔም መርፌን ከክር ስለማይለይ፣ የገዛ ስልኬን በጉያዬ ይዤ ጠጋኝ ፍለጋ ወጣሁ። ከማፈሬ የተነሳ የሚያውቀኝ ሰው የሌለበት ሰፈር ድረስ ነው የሄድኩት። ጠጋኟ የልጅ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ገልብጣ አየችና «አባባ፣ ማስገቢያው ከሰሌዳው ተላቋል፤ መበየድ አለበት። ስም ማን ልበል?» አለችኝ። «ልየው» አልኳት። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ። ሰባ ዓመት አልፎኝም ይህ ስም ይጫወትብኛል።

ከዚያ መበየጃውን አስነካችው፤ ሽታው መጣ። የሚቀልጥ ቆርቆሮና የሚቃጠል ሙጫ። እሷ አፍንጫዋን ሸፍናለች፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን አንገቴን አስግጌ ወደ ጭሱ ተጠጋሁ። ሳላስበው ዓይኔ ሞላ። «አባባ፣ ጭሱ ጎዳዎት?» አለች። «አዎ፣ ጭሱ ነው» አልኳት። ውሸቴን አልነበረም፤ ከየት የመጣ ጭስ እንደሆነ ነው ያልነገርኳት።

ቢቸና ላይ ሱቅ ነበረኝ። ሱቅ ማለቴ በቆርቆሮ የተሸፈነ ቁም ሳጥን ማለቴ ነው፤ እኔ ከገባሁ ደንበኛ አይገባም፣ ደንበኛ ከገባ እኔ ውጪ ቆሜ ነው የማነጋግረው። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በልብስ ሰፊዎቹና በአንድ ሻይ ቤት መካከል። ዘመኑ ደርግ ወደ ማምሻው ላይ ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ወንዱ ካኪ ለብሶ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ ትንሽ ያለው ደግሞ ቴትሮን ሸሚዝ ይለብስና ላቡን ከውስጥ አስቀርቶ ከውጪ ይዘንጣል። እኔ የቴትሮን ወገን ነበርኩ። ቁልፌን እስከ ደረቴ ከፍቼ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰክቼ፣ ምንም ደረት ሳይኖረኝ። የሰው ሁሉ ራዲዮ የሚበላው ድንጋይ ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ። ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ በጥርስ ይነክሱታል፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ቀን ያናግሩታል። ጠዋት በሬን ስከፍት ከየሱቁ የሚሰማው ያው ማርሽ፣ ከማርሹ ቀጥሎ የጦር ሜዳ ወሬ ነው። በራዲዮው ሁልጊዜ እኛ እናሸንፋለን። በየቤቱ ግን ሁልጊዜ የሆነ ሰው ይጠፋል።

ራዲዮ መጠገኑ ብቻውን ስለማያበላኝ ደብዳቤም እጽፍ ነበር። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ቆይቼ ያቋረጥኩ ነኝ፤ ከመርጡለ ማርያም ወዲህ ባለ አንድ ደብር። የኔታ ሲያሰናብቱኝ «ልየው ሰሙን አሳምሮ ይሠራል፤ ወርቁን ግን እስካሁን አላየሁለትም» ነበር ያሉት። እንደ ምርቃት ቆጥሬው ወጣሁ። ደብዳቤ ጸሐፊ ስሆን ግን ያ ሰምና ወርቅ እንጀራዬ ሆነ። ያኔ ወታደር ተማረከ ማለት ከዳ ማለት ነበር፤ ስብሰባ ላይ የቤተሰቡ ስም ይነሳል። አንዳንዱ ምርኮኛ ተለቅቆ በእግሩ አገር አቋርጦ ይመጣና፣ እናቱ ቆጥ ላይ ደብቃ ታበላዋለች። ታዲያ ይህን ለዘመድ እንዴት ብለህ ትጽፋለህ? «የጠፋው በሬያችን ተገኝቷል፤ ከስቷል እንጂ ደኅና ነው» ትላለህ። ተቀባዩም በሬ እንደሌላቸው ያውቃል። እኔ በዚህ እጄ ስንት በሬ አስገኝቻለሁ መሰላችሁ! ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሥራዬ ነበር፤ አላወቅኩም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

የሺእመቤት የምትባል ነርስ ከሞጣ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ለሥራ ስብሰባ ቢቸና መጥታ፣ የዱቄት ወተት ካርቶን በነጠላ አስራ ይዛ ሱቄ ደጃፍ ቆመች። እኔም ወግ ይድረሰኝ ብዬ ውጪ ወጣሁና እሷን አስገባኋት።

«ጋሽ ልየው አንተ ነህ?»

«እንዳልክድ ስሜ በሩ ላይ ተጽፏል።»

«ራዲዮ አይደለም ያመጣሁት። አትስቅብኝ።»

ካርቶኑን ከፈተችው። ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ የመጽሐፍ ያህል፣ ፊቱ ላይ ሁለት ማስገቢያ ያለው። ከሥሩ በገመድ የተጠቀለሉ፣ ባለ ዘንግ ባለ ቀይ ቁልፍ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው አለችኝ። ወንድሟ ይትባረክ ቀይ ባሕር ዳር ወደብ ጠባቂ ወታደር ነው፤ ከአንድ የውጭ አገር መርከበኛ በጫማው ለውጦ አመጣው። ባዶ እግሩን ካምፕ ገብቶ ተቀጣ። የዓመት ፈቃድ ሲያገኝ ተሸክሞት ሞጣ መጣ።

«ሞጣ ላይ ቴሌቪዥን ይታያል እንዴ?» አልኳት።

«የት ታይቶ! ያከራየኝ ጋሽ ደሳለኝ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ሥርጭቱ ይመጣል ብሎ ቴሌቪዥን ገዝቶ አራት ዓመት በረዶ ሲያይ ኖረ። አንቴናው ለቁራ ማረፊያ ሆነ። በኋላ ‹ውሰጂልኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ› ብሎ እኔ ክፍል አስቀመጠው።»

እንግዲህ ወፍጮው ሲዞር ዲናሞው መብራት ይሰጣል፤ ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ እህትና ወንድም ይጫወታሉ። ጨዋታው ሌላ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ሁለት ነጫጭ ዱላ፣ መሀላቸው አንዲት ነጭ ነጥብ። ነጥቧን ያሳለፈ ተሸነፈ። ባለ ዘንጎቹን ነገሮች ይትባረክ «እጅ» ብሎ ሰየማቸው፤ የኔ እጅ፣ ያንቺ እጅ። ፈቃድ በመጣ በሦስተኛው ቀን ግን ሁለተኛው ማስገቢያ እምቢ አለ። በአንድ እጅ ብቻ የሚጫወት ሰው የሚጫወተው ከግድግዳ ጋር ነው። ቀሪውን ጊዜ ተራ በተራ ከግድግዳ ጋር ተጫውተው፣ ሊሄድ ሲል «ስመጣ ተሠርቶ ይጠብቀኝ፤ አንድ ጨዋታ አለብሽ» አላት።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ።

ካርቶኑን አየች። «ደብዳቤው ከቆመ አምስት ወሩ ነው። ወደቡ ላይ ውጊያ ነበር ይላሉ። እኔ እንጃ፣ ጋሽ ልየው። ይሄ ነገር ተሠርቶ ከተቀመጠ… ሞኝ ነኝ አይደል?»

«አይደለሽም» አልኩ። በሕይወቴ ሳላሾፍ የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ልደብቃችሁ? ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ሸኝቻታለሁ።

ማስገቢያው ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ዘጠኝ ቀጫጭን እግሮች አሉ። አንዷ ወደ ውስጥ ተገፍታለች፤ ከሥር ደግሞ ብየዳዋ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል፤ አየሁት ብዬ ሦስት ጊዜ የራሴን ሽፋሽፍት በይጃለሁ። መበየጃዬ ያኔ መዳብ ነው፤ ከሻይ ቤቱ ከሰል ተውሼ አግለዋለሁ። ትንሽ ከቀዘቀዘ ቆርቆሮውን አያቀልጥም፤ ትንሽ ከጋለ ደግሞ ሰሌዳውን ይበላል። እጄን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠጋ ስል ያቺ እግር ሌላ ቦታ ትላቀቃለች። የሣጥኑን አንድ ጎን አቃጠልኩት። እግሯን አውጥቼ በምትኳ ከሞተ ራዲዮ ሌላ ቀጥቅጬ ሠራሁ፤ አልያዘችም። ወራት ሄዱ። እየሄደ ከሚመጣ ሾፌር ጋር «እንዴት ሆነልህ?» ትለኛለች፤ እኔም «እልኸኛ ነው፤ እየታገልን ነው» እላታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ መዳቡ በምን ልኩ እንደጋለ እንጃ፣ ቆርቆሮው እንደ ውኃ ፈስሶ እግሯን አቀፋት። ቢቸና ላይ ቴሌቪዥን ስለሌለኝ አንዱን ጫፍ ከባትሪ ድንጋይ፣ ሌላውን ከትንሽ አምፖል አገናኝቼ ሞከርኩ። አምፖሉ በራ። ነቀነቅኩት፤ በራ። ዘንጓን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አደረግኩ፤ በራ። «እጅ ሰጠ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መርፌው ጣቱ ውስጥ ገባ።

ቃሉ ጣፈጠኝ። ጠላቴ የነበረው ማሽን እጅ ሰጠ፤ እጅ የሚባለውንም እጅ ሰጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቅ ያገኘሁ መሰለኝ! ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የጻፍኩት፤ ቃል በቃል አልረሳውም፤

«እኅቴ የሺ፤ ደስ ይበልሽ። ይህን ያህል ወር ያስጨነቀን በመጨረሻ እጅ ሰጠ። አንድ ጎኑን ትንሽ እሳት ነክቶታል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ሐሙስ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከተሰማ ቤትሽ በሰው ይሞላል። ልየው።»

አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። አጥፌ ለጭነት መኪና ሾፌር ሰጠሁት።

ሐሙስ ቴትሮኔን ለብሼ፣ ፀጉሬን ቅቤ አስነክቼ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በዚያው ሾፌር ጋቢና ሞጣ ገባሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ መኪናው በዘለለ ቁጥር እየዘለልኩ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ነበር የያዝኩት። ወፍጮው ይጮሃል። ደጁ ላይ ዱቄት የመሰለው ጋሽ ደሳለኝ በእጁ ወደ ጓሮ አመለከተኝ። የየሺ በር በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። አንኳኳሁ። ቀስ ብላ በጣት ስፋት ከፈተችው። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች፤ የበዓል ልብሷን ለብሳለች። ለእኔ መሰለኝ! እግዜር ይይልኝ፣ ለእኔ መሰለኝ።

እኔን ግን አላየችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን ነበር የምታየው።

«ለብቻህ ነህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለብቻዬ ምን አመጣኝ! ይዤው እመጣለሁ ብዬሽ የለ?»

«የት አለ ታዲያ? ከኋላ ቀረ?»

«ከኋላማ ለምን ይቀራል፤ ይኸውና ብብቴ ሥር!» ብዬ ካርቶኑን ከፍ አደረግኩላት። እየሳቅኩ።

ካርቶኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ደግማ ካርቶኑን አየችው። ከዚያ በሩን ለቀቀችውና በራሱ ተከፈተ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። እናቷ ናቸው፤ እማማ ዘነቡ። ከየጁቤ ወዲያ ካለ ገጠር ሁለት ቀን ተጉዘው የደረሱት ትናንት ነው። አልጋው ተነጥፎ ገና እጥፋቱ ያልተፈታ ጋቢ ተደርጎበታል። ወንበሩ ላይ የተተኮሰ የወንድ ሸሚዝ። መሬት ላይ ሳፋ፣ ከሳፋው እንፋሎት ይወጣል። ጥግ ላይ፣ አልጋው እግር ላይ የታሰረ በግ አለ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ መኝታ ቤት አስገብተውት። እኔን ሲያይ ባአ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ በግ ዓመት እቀልድበት ነበር።

«ምነው ልጄ» አሉ እማማ ዘነቡ፣ ጆሯቸውን ወደ በሩ ሰጥተው። «ጨለማ ተገን አድርጎ ነው የሚገባው? እግሩ ደህና ነው? እሳት ነክቶታል ያልከው የቱ ጋ ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እጅ ሰጠ። ደኅና ነው። ለማንም አትንገሪ። ይዤው እመጣለሁ። ወረቀቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያኔ ነው፤ እዚያው ቆሜ፣ ያለ ወረቀት። እኔ የላኩት ሰም ብቻ ነበር፤ እነሱ ወርቁን አውጥተው አልጋ አንጥፈውለታል።

የሺ ከደረቷ ውስጥ ወረቀቱን አወጣች። ከማንበብ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተቀዷል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅ ሰጠ ይላል።»

«የሺ፣ ማሽኑን ነው። ማስገቢያው… አምፖሉ ሲበራ… ማሽኑን ነው ያልኩት።» ያ ሁሉ ምላስ፣ ያ ቢቸና ሙሉ የሚስቅለት ምላስ፣ አንዲት ቃል አጥቶ አፌ ውስጥ ተጋደመ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እናትየው። ወፍጮው ስለሚጮህ አልሰሙም። ወይም ሰምተዋል።

የሺ ወደ እሳቸው ዞረች። «ሌላ ነው እማ። ስለ ሌላ ነገር ነው የጻፈው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎ።»

«ይትባረክን አላየውም?»

«አላየውም።»

«ሞቷል አላለም?»

«አላለም እማ።»

እማማ ዘነቡ ጎንበስ ብለው ሳፋውን ሳቡና «እንግዲያስ ውኃው ሳይበርድ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «ከሩቅ ነው የመጣኸው።»

«እማማ፣ ኧረ በእመቤቴ! እርስዎ የኔን እግር…»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጥኩ። ከተተኮሰው ሸሚዝ አጠገብ። ኮንጎ ጫማዬን ራሳቸው አወለቁት። ለልጃቸው በሞቀው ውኃ የእኔን እግር አጠቡት፤ በጣቶቼ መሀል ሳይቀር፣ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣታቸው እያሹ፣ የሚያውቁትን እግር እንደሚፈልግ ሰው ቀስ ብለው። ቢረግሙኝ ይሻለኛል ልላቸው ፈልጌ ነበር። ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁኝና እግሬን ሳሙት።

ይትባረክ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሁሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደየአገሩ ሲገባ፣ የሺ ጋዋኗን እንደለበሰች መናኸሪያ ቆማ ትውል ነበር አሉ። እኔም ቢቸና ላይ በሚያልፈው መኪና ሁሉ አንገቴን እያስገባሁ ስሙን ጠርቻለሁ። በሱቄ በር ላይ «ደብዳቤ ይጻፋል» የሚለውን ሰሌዳ አወረድኩት። ሰዉ «ልየው ምነው ሰነፍክ?» ሲለኝ «ቀለም ተወደደ» እላለሁ። መርዶም አልመጣ፣ ሰውየውም አልመጣ። እናትየውም ሳላለቅስለት አልቀበርም ሲሉ ኖረው፣ ወሬው ሳይመጣ እሳቸው ቀድመው አረፉ። የሺም ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ የት እንዳለች ዛሬ የሚነግረኝ ሰው የለኝም። ሴት ጠጋኟ ፊት ያስለቀሰኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም፤ በዚያው ሐሙስ፣ እግሬ ታጥቦ ጫማዬን ፍለጋ ከወንበሩ ሥር ስዳብስ የሆነው ነው።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ የሺ።

«ሾፌሩ ሳይሄድብኝ…»

«ሠርቼዋለሁ አላልክም? ሠርተህ እንደሆነ ልየው።» ስሜን ይሁን ማሽኑን እስከዛሬ አላወቅኩም።

ካርቶኑን ፈታችው። ገመዶቹን ራሷ ሰካች፤ አንዱን እጅ ያዘች፣ ሌላውን ሰጠችኝ። ቴሌቪዥኑ በወፍጮው ልክ እየተንቀጠቀጠ በራ፤ ሁለቱ ነጫጭ ዱላዎች በግራና በቀኝ ቆሙ። የኔ ዱላ ታዘዘኝ። ስንት ወር የለፋሁበት ሥራ ነው፤ ደስታው ግን የት እንደገባ እንጃ። ነጥቧ መጣች፤ አሳለፍኳት። ደግማ መጣች፤ አሳለፍኳት። ምን ላድርግ? ከማሸነፍ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ሳትነቅል «ተው» አለች።

«ምኑን?»

«ይትባረክ አይለቅልኝም ነበር። አንድም ቀን ለቆልኝ አያውቅም። በደንብ ተጫወት።»

በደንብ ተጫወትኩ። እጄ ያኔ አይንቀጠቀጥም። ነጥቧን ከጥግ ወደ ጥግ መታሁባት፤ የሺ ከንፈሯን ነክሳ እየተከላከለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሳትጠርገው ተከተለቻት። እኔም ዓይኔ አያይልኝም፤ በነጩ ጥላ ብቻ ነው የምመታው። ለመጨረሻ ጊዜ በዱላዋ ሥር አሾለክኩባት። ጨዋታው አለቀ።

አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት እማማ ዘነቡ ዓይናቸው አያይም፤ በድምፅ ብቻ ነበር የሚከታተሉን።

«ማን አሸነፈ?» አሉ።

የሺ ዘንጓን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እሱ» አለቻቸው።